ሰር ኤድዋርድ አፕልተን፦ የሬዲዮ ሞገድን መክሰም የሰማይ መለኪያ ያደረገ ሊቅ

በምሽት የመካከለኛ ሞገድ ሬዲዮ ከፍቶ የሩቅ አገር ጣቢያ ያዳመጠ ሰው ሁሉ የሚያውቀው አንድ ነገር አለ። ድምፁ ለጥቂት ጊዜ ጥርት ብሎ ከተሰማ በኋላ ቀስ በቀስ እየደከመ ይሄዳል፤ ሊጠፋ ሲቃረብም ተመልሶ ይጎላል። አድማጩ ሬዲዮኑን ወዲያና ወዲህ ያዞራል፤ አንዳንዴም ባትሪው አልቋል ብሎ ያማርራል። ጥፋቱ ግን የሬዲዮኑም የባትሪውም አይደለም። በሙያችን ቋንቋ ፌዲንግ፣ በአማርኛ መክሰም ልንለው የምንችለው ይህ ጠባይ ሬዲዮ ለሕዝብ አገልግሎት መዋል ከጀመረበት ጊዜ አንስቶ መሐንዲሶችን ሲያስቸግር የኖረ ነው።

ይህንን ችግር ለማስወገድ ከመቸኮል ይልቅ ሊቆጥረውና ሊለካው የተነሣ፣ በመለካቱም ከራሳችን በላይ ያለውን የኤሌክትሪክ ጣሪያ ከፍታ ያወቀ ሰው እንግሊዛዊው የፊዚክስ ሊቅ ሰር ኤድዋርድ ቪክተር አፕልተን ነው። ቀጥሎ የሚቀርበው የእርሱ የሕይወት ታሪክ ነው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይገነዘብልን።

ትውልዱና ትምህርቱ

አፕልተን በሴፕቴምበር 6 ቀን 1892 በሰሜን እንግሊዝ፣ በዮርክሻየር ክፍለ ሀገር፣ በሱፍ ኢንዱስትሪዋ በታወቀችው በብራድፎርድ ከተማ ተወለደ። አባቱ የመጋዘን ሠራተኛ ነበር። ልጁ በተወለደበት ከተማ ትምህርቱን ሲከታተል ከጓደኞቹ ልቆ በመገኘቱ የነፃ ትምህርት ዕድል አግኝቶ በ1911 ዓ.ም. በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የቅዱስ ዮሐንስ ኮሌጅ ገባ። በዚያም የተፈጥሮ ሳይንስን፣ ይልቁንም ፊዚክስን አጥንቶ በከፍተኛ ማዕረግ ተመረቀ። ወዲያውም በኤክስ ሬይ አማካይነት የክሪስታሎችን አሠራር የሚመረምር ጥናት ጀመረ።

ጥናቱ ብዙ ሳይራመድ በ1914 የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ፈነዳ። አፕልተንም እንደ ዕድሜ እኩዮቹ ሁሉ ጦር ሠራዊት ገባ፤ በኋላም ወደ መሐንዲስ ክፍል ተዛውሮ የመገናኛ መኮንን ሆነ። በዚያን ጊዜ የሬዲዮ መሣሪያ ልብ የነበረውን የቫኩም ቱቦ በቅርብ ያወቀው በዚህ አገልግሎቱ ነው። ወጣቱ ሊቅ ወደ ጦርነቱ የሄደው ክሪስታል ሊያጠና ጀምሮ ሲሆን፣ የተመለሰው ግን ልቡን ለሬዲዮ ሰጥቶ ነው።

ከጦርነቱ በኋላ ወደ ካምብሪጅ ተመልሶ በ1920 በካቨንዲሽ ላቦራቶሪ በረዳት መምህርነት ሥራ ያዘ። ላቦራቶሪውን በዚያን ጊዜ የሚመራው ዝነኛው ኧርነስት ራዘርፎርድ ሲሆን፣ የብዙዎቹ ተመራማሪዎች ሐሳብ በአተም ውስጥ ባለው ምሥጢር ላይ ያተኮረ ነበር። አፕልተን ግን ዓይኑን ወደ ሩቁ ሰማይ አነሣ። በ1924 ዓ.ም. ገና በ32 ዓመቱ በለንደን ኪንግስ ኮሌጅ የፊዚክስ ፕሮፌሰር ሆኖ ተሾመ።

ሃያ ሁለት ዓመት ያለ ማስረጃ የቆየ ግምት

የአፕልተንን ሥራ ዋጋ ለመረዳት ጥቂት ወደኋላ መመለስ ያስፈልጋል። በዲሴምበር 1901 ማርኮኒ በእንግሊዝ አገር ከፖልዱ የተላከለትን የሬዲዮ ምልክት በካናዳ ጠረፍ፣ በኒውፋውንድላንድ ሆኖ መቀበሉን አስታወቀ። በሁለቱ ቦታዎች መካከል ያለው ርቀት 3,400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የሬዲዮ ሞገድ እንደ ብርሃን በቀጥታ የሚጓዝ ከሆነ ይህ ሊሆን አይችልም ነበር። ከአንደኛው ጠረፍ እስከ ሌላኛው ቀጥተኛ መሥመር ብናሰምር፣ በመሬት ክብነት ምክንያት መሥመሩ እመካከል ላይ ሲደርስ ከባሕሩ ወለል በታች ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ጠልቆ ያልፋል። ታዲያ ሞገዱ ይህንን የውሃ ተራራ እንዴት ተሻገረው?

በሚከተለው ዓመት፣ በ1902፣ አርተር ኬኔሊ በአሜሪካ፣ ኦሊቨር ሄቪሳይድም በእንግሊዝ፣ አንዱ ከሌላው ሳይመካከር አንድ ዓይነት መልስ ሰጡ። ከአየሩ ከፍተኛ ክፍል ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ንብርብር ሳይኖር አይቀርም፤ ሞገዱም ወደ ላይ ወጥቶ ከዚያ ጣሪያ ጋር ከተገናኘ በኋላ ወደ ምድር ይመለሳል አሉ። ሐሳቡ ያማረ ነበር፤ ነገር ግን ንብርብሩን ያየው፣ የነካው ወይም ከፍታውን የለካው ሰው አልነበረም። በዚህ ምክንያት ግምቱ ለሃያ ሁለት ዓመት ያህል ሲያከራክር ቆየ።

የብሪታንያ የሬዲዮ ማሰራጫ ድርጅት፣ ቢ.ቢ.ሲ.፣ በ1922 ሥራ በጀመረ ጊዜ አፕልተን ከለንደን የሚሰራጨውን ሞገድ ኃይል በካምብሪጅ ሆኖ መለካት ያዘ። ቀን ቀን ኃይሉ የማይለዋወጥ ሲሆን፣ ሌሊት ግን ከፍና ዝቅ ይል ነበር። አፕልተን ይህንን ሲመለከት እንዲህ ሲል አሰበ፦ ወደ መቀበያው የሚደርሰው ሞገድ አንድ ሳይሆን ሁለት ቢሆንስ? አንዱ በምድር ላይ በቀጥታ የሚመጣ፣ ሁለተኛው ወደ ሰማይ ወጥቶ የሚመለስ። ሁለቱ ሞገዶች ጫፍ ለጫፍ ሲገጥሙ ይደጋገፋሉ፤ የአንዱ ጫፍ ከሌላው ጎድጓዳ ጋር ሲገጥም ግን ይጠፋፋሉ። የሰማዩ ጣሪያ በሌሊት ጥቂት ከፍ ወይም ዝቅ ባለ ቁጥር አገጣጠማቸው ይለወጣል፤ አድማጩም መክሰም ብሎ የሚያማርረው ይህንኑ ለውጥ ነው።

የዲሴምበር ሌሊት

ሐሳቡ ትክክል ከሆነ የሚፈተንበት መንገድ አለ። ሰማዩን እንደ ፈለግን ከፍና ዝቅ ልናደርገው አንችልም፤ የማሰራጫውን ፍሪኩዌንሲ ግን ቀስ እያልን ልንለውጠው እንችላለን። ፍሪኩዌንሲው ሲለወጥ የሞገዱ ርዝመት ይለወጣል፤ የሁለቱም ሞገዶች አገጣጠም እንዲሁ ይለወጣል። ስለዚህ በመቀበያው ላይ ድምፁ ሥርዓት ባለው አኳኋን እየጎላ እየከሰመ፣ እየጎላ እየከሰመ መሄድ አለበት። ሰማዩ ያለ ሰው ፈቃድ የሚያመጣውን መክሰም መሐንዲሱ በገዛ እጁ ሊያመጣው ይችላል ማለት ነው።

ዲሴምበር 11 ቀን 1924 ሌሊት፣ የዕለቱ ፕሮግራም ካበቃ በኋላ፣ የቢ.ቢ.ሲ. የቦርንማውዝ ማሰራጫ ለዚህ ፈተና ተሰጠ። አፕልተንና ከኒውዚላንድ የመጣው ተማሪው ማይልስ ባርኔት መቀበያቸውን በኦክስፎርድ ተክለው ይጠብቁ ነበር። የማሰራጫው የሞገድ ርዝመት ከ385 ሜትር አቅራቢያ ተነሥቶ ቀስ በቀስ ሲለወጥ፣ በኦክስፎርድ የሚለካው ኃይል እንደ ተጠበቀው ተራ በተራ ከፍና ዝቅ አለ። የከፍታና የዝቅታውንም ብዛት በመቁጠር የንብርብሩ ከፍታ ወደ 90 ኪሎ ሜትር እንደሚጠጋ ታወቀ።

ስሌቱ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሊከተለው የሚችል ነው። በሁለቱ ከተማዎች መካከል ያለው ርቀት በጥቅሉ 120 ኪሎ ሜትር ነው እንበል። ሞገዱ 90 ኪሎ ሜትር ወጥቶ እመንገዱ አጋማሽ ላይ ከተመለሰ የመውጫው ርዝመት 108፣ የመውረጃውም 108፣ በድምሩ 216 ኪሎ ሜትር ይሆናል። በምድር ላይ ከሚመጣው ጋር ሲነጻጸር የመንገዱ ልዩነት 96 ኪሎ ሜትር ነው። የብርሃንን ፍጥነት፣ በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር፣ ለ96 ስናካፍል 3,100 ገደማ እናገኛለን። ይህም ማለት ፍሪኩዌንሲው በ3.1 ኪሎ ኸርዝ በተለወጠ ቁጥር አንድ ሙሉ የመጉላትና የመክሰም ዙር ይታያል። ዙሩን የቆጠረ ሰው የመንገዱን ልዩነት ያውቃል፤ ልዩነቱን ያወቀ ደግሞ የጣሪያውን ከፍታ ያሰላል። በዚህ ሥራ መሰላልም፣ ፊኛም፣ አውሮፕላንም አላስፈለገም።

አፕልተንና ባርኔት በዚህ አላበቁም። ሞገዱ በእርግጥ ከላይ የሚወርድ መሆኑን ለማረጋገጥ በቀጥታ በቆመ አንቴናና በቀለበት አንቴና የሚገኘውን ምልክት አነጻጸሩ። ከሁለቱ መለኪያዎች ግንኙነትም ሁለተኛው ሞገድ ከሰማይ በኩል ዘንበል ብሎ የሚመጣ መሆኑ ተረጋገጠ። የኬኔሊና የሄቪሳይድ ግምት ከዚያ በኋላ ግምት መሆኑ ቀረ።

ከጣሪያው በላይ ያለ ጣሪያ

አፕልተን ምርምሩን ሲቀጥል ጎሕ ከመቅደዱ በፊት፣ የታችኛው ንብርብር እጅግ በሚሳሳበት ሰዓት፣ ሞገዱ ከዚያ በላይ አልፎ ከፍ ካለ ሌላ ቦታ እንደሚመለስ አስተዋለ። ይህ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ የሚገኘው ሁለተኛ ንብርብር በስሙ የአፕልተን ንብርብር ተባለ። ለታችኛው ኢ፣ ለላይኛው ኤፍ የሚለውን ፊደል የሰጠው እርሱ ነው። ከታችም ከላይም ሌላ ቢገኝ ፊደል እንዳይጠፋ ከመሐል መጀመሩ አርቆ አሳቢነቱን ያሳያል፤ በእርግጥም በኋላ ከሁሉ በታች ያለው ዲ ተብሏል። ንብርብሮቹን በአንድነት የያዘው የአየር ክፍል ዛሬ አዮኖስፌር ይባላል። የፀሐይ ጨረር የአየሩን አተሞች ኤሌክትሮን እየነጠቀ ስለሚያላቅቃቸው፣ የንብርብሮቹ ጥንካሬ ከቀንና ከሌሊት፣ ከወቅትና ከፀሐይ ነጥቦች የ11 ዓመት ዑደት ጋር ይለዋወጣል።

አንድ ንብርብር ወደ ላይ በቀጥታ የተላከውን ሞገድ ሊመልስ የሚችለው እስከ አንድ የፍሪኩዌንሲ ወሰን ድረስ ነው። ፍሪኩዌንሲው እጥፍ ሲሆን፣ ለመመለስ የሚያስፈልገው የኤሌክትሮን ብዛት አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ፍሪኩዌንሲውን እየጨመሩ ሞገዱ ንብርብሩን ሰንጥቆ የሚያመልጥበትን ወሰን መፈለግ፣ ኤሌክትሮኖቹን እንደ መቁጠር ነው። አፕልተን ለዚሁ ሥራ በ1932 ዓለም አቀፍ የዋልታ ዓመት ምክንያት በሰሜን ኖርዌይ እስከምትገኘው ትሮምሶ ድረስ ዘምቷል።

የሬዲዮ ሞገድ በመሬት መግነጢስ ውስጥ በተዘፈቀ የኤሌክትሮን ጋዝ ሲያልፍ የሚገዛበትን ሕግ የሚያስረዳው እኩልነትም የአፕልተንና የሃርትሪ እኩልነት ተብሎ በመማሪያ መጻሕፍት ይገኛል። ስለዚህ እኩልነት ሳይነገር መታለፍ የሌለበት ነገር አለ። በ1920ዎቹ አጋማሽ ከአፕልተን ጋር የሠራ ዊልሄልም አልታር የሚባል ወጣት ኦስትሪያዊ የፊዚክስ ሊቅ ነበር። በ1982 የታተመ የታሪክ ጥናት እንዳረጋገጠው የእኩልነቱን ስሌት በማውጣት ረገድ የአልታር ድርሻ ከፍተኛ ሲሆን፣ ስሙ ግን ከእኩልነቱ ጋር አልተጠራም። የአንድን ታላቅ ሰው ታሪክ ስንጽፍ ይህንን መደበቅ አይገባም። ስሌቱን የሠራ፣ መሣሪያውን የጠበቀ፣ ሌሊቱን ሙሉ የመዘገበ ረዳት ስሙ ከሪፖርቱ መጨረሻ ገጽ እንኳ የሚጠፋበት ጊዜ በሙያችን ጥቂት አይደለም። የአፕልተን ታላቅነት በዚህ አይፈርስም፤ ሙሉ ግን አይደለም።

በሥልጣን ወንበር ላይ የተቀመጠ ተመራማሪ

አፕልተን በ1936 ወደ ካምብሪጅ ተመልሶ ፕሮፌሰር ሆነ፤ ከሦስት ዓመት በኋላም የእንግሊዝ መንግሥት የሳይንስና የኢንዱስትሪ ምርምር መሥሪያ ቤትን በዋና ጸሐፊነት እንዲመራ ተጠራ። የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዓመታት ሁሉ በዚህ ከባድ ኃላፊነት አለፉ። በ1941 የሰርነት ማዕረግ ተሰጠው። ወደ ቢሮ ሥራ ከገባ በኋላ ምርምሩን እርግፍ አድርጎ የሚተው ምሁር ብዙ ነው፤ አፕልተን ግን ከፋይሎቹ መካከል ጊዜ እየሰረቀ ከዓለም ዙሪያ የሚመጡትን የአዮኖስፌር መዝገቦች ይመረምር ነበር።

በ1946 ያሳተመው ግኝት የዚህ ትጋት ፍሬ ነው፤ እኛንም በቀጥታ የሚነካው ይህኛው ነው። ፀሐይ በምድር ወገብ አካባቢ አናት ላይ ስለምትወጣ የኤፍ ንብርብር ኤሌክትሮኖች እዚያ ከሁሉ ሊበዙ ይገባ ነበር። መዝገቦቹ ግን ሌላ ተናገሩ። በመግነጢሳዊው የምድር ወገብ ላይ የኤሌክትሮኑ ብዛት ዝቅ ይላል፤ ከወገቡ ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ራቅ ብለው በሚገኙ ሁለት ቦታዎች ግን ከፍ ይላል። በኋላ እንደታወቀው፣ በቀን በወገቡ ላይ ያለው የኤሌክትሪክ መስክ ከመሬት መግነጢስ ጋር ተባብሮ ኤሌክትሮኖቹን እንደ ፏፏቴ ምንጭ ወደ ላይ ይገፋቸዋል፤ እነርሱም የመግነጢሱን መሥመር ተከትለው በሁለቱም ወገን ይወርዳሉ።

ይህ መግነጢሳዊ ወገብ የሚያልፈው በኢትዮጵያ ላይ ነው። ከጁላይ 1957 እስከ ዲሴምበር 1958 በተከበረው ዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት ምክንያት በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ እንዲቋቋም ካደረጉት ነገሮች አንዱም ከተማዋ ለዚሁ ወገብ ያላት ቅርበት ነው። ስለዚህ በአውሮፓ ሰማይ ተለክቶ የተዘጋጀ ሠንጠረዥ በኛ ሰማይ ላይ እንዳለ ሊሠራ አይችልም። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ በወገቡ ላይ የሚፈጠረው የኤሌክትሮን መዘበራረቅም የአጭር ሞገድን ብቻ ሳይሆን ከሳተላይት የሚመጣውንም ምልክት ያውካል።

አፕልተን በ1947 የፊዚክስ የኖቤል ሽልማት ተሸለመ። በ1949 የኤድንበርግ ዩኒቨርሲቲ የበላይ ኃላፊ ሆኖ ወደ ስኮትላንድ ሄደ፤ በዚሁ ሥራ ላይ እንዳለም በኤፕሪል 21 ቀን 1965 በ72 ዓመቱ ዐረፈ።

ከቦርንማውዝ እስከ ፍሪኩዌንሲ ዝላይ

የዚያች የዲሴምበር ሌሊት ትምህርት ዛሬ በእጃችን በያዝነው መሣሪያ ውስጥ ይሠራል። አፕልተን ያሳየን ዋና ነገር መክሰም የቦታ ብቻ ሳይሆን የፍሪኩዌንሲም ጉዳይ መሆኑን ነው። በአንድ ፍሪኩዌንሲ የከሰመ ምልክት፣ በዚያው ሰዓትና በዚያው ቦታ፣ በሌላ ፍሪኩዌንሲ ጎልቶ ሊሰማ ይችላል። እንግዲያው መልእክታችንን በአንድ ፍሪኩዌንሲ ላይ ከመቸንከር ይልቅ ከአንዱ ወደ ሌላው እየዘለልን ብንልክ፣ መክሰሙ የሚያገኘው ጥቂቱን ቁራሽ ብቻ ነው፤ እርሱንም በስሕተት ማረሚያ ኮድ መጠገን ይቻላል።

የፍሪኩዌንሲ ዝላይ በመጀመሪያ የታሰበው ለሌላ ዓላማ ነበር። ተዋናይቷ ሄዲ ላማርና የሙዚቃ ደራሲው ጆርጅ አንታይል በ1942 በአሜሪካ ፓተንት ያገኙበት፣ በ88 ፍሪኩዌንሲዎች ላይ የሚዘል የቶርፔዶ መምሪያ ዘዴ ጠላት ሞገዱን እንዳያውክ የታቀደ ነው። ዛሬ ግን ዝላዩ ጠላት በሌለበትም ያገለግላል። በጂ.ኤስ.ኤም. ስልክ ሥርዓት ይህ ዘዴ ሥራ ላይ ሲውል በሰከንድ 217 ጊዜ ያህል፣ በተለመደው ብሉቱዝ ደግሞ በ79 ቻናሎች ላይ በሰከንድ 1,600 ጊዜ ይዘለላል።

መዝለሉ ብቻ ግን አይበቃም፤ ምን ያህል መራቅ እንደሚገባ የሚወስነው ያው የአፕልተን ስሌት ነው። የመንገዱ ልዩነት 96 ኪሎ ሜትር ሲሆን አንዱ ዙር 3.1 ኪሎ ኸርዝ ነበር። በሕንፃዎች መካከል ልዩነቱ 30 ሜትር ብቻ ቢሆን፣ አንዱ ዙር 10 ሜጋ ኸርዝ ይሆናል፤ ከክስመት እስከ ጉላት ለመድረስም 5 ሜጋ ኸርዝ መዝለል ያሻል። ወደ ጎረቤት ቻናል አንድ ሜጋ ኸርዝ ብቻ የተዘለለ እንደሆነ ሁለቱም አብረው ይከስማሉ። በአጭር ሞገድ በሰማይ በኩል ለሚደረገው ግንኙነት ደግሞ ሌላ ገደብ ይጨመራል። የሚዘለልባቸው ፍሪኩዌንሲዎች ሁሉ ንብርብሩ ሊመልሳቸው ከሚችለው ወሰን በታች፣ የቀኑ ዲ ንብርብር ውጦ ከሚያስቀራቸውም በላይ መሆን አለባቸው። ይህ መስኮት ከሰዓት ሰዓት ይለዋወጣል። የጠዋቱን የዝላይ ሠንጠረዥ እስከ ሌሊት ሳይለውጥ የሚሠራ ኦፕሬተር ከዝላዮቹ ከፊሎቹን ወደ ጠፈር እየላከ ነው።

የዝላዩ ፍጥነትም እንዲሁ ወሰን አለው። የ96 ኪሎ ሜትር ልዩነት በጊዜ ሲለካ 0.32 ሚሊ ሰከንድ ነው። በአንድ ፍሪኩዌንሲ ላይ የሚቆየው ጊዜ ከዚህ ካነሰ፣ በሰማይ በኩል የዘገየው ሞገድ ሲደርስ መቀበያው ወደ ሌላ ፍሪኩዌንሲ ሄዶ ይጠብቀዋል። የዘመኑ መሐንዲስ በኮምፒዩተር የሚያወጣው ይህ ሁሉ ቁጥር መነሻው በኦክስፎርድ የተቆጠሩት ጉላትና ክስመቶች ናቸው።

ከአፕልተን ሕይወት የምናገኘው ትምህርት ከቀመሩ ይሰፋል። አንድ የሬዲዮ መገናኛ በሌሊት ተቋረጠ ተብሎ ሪፖርት ሲቀርብልን ብዙዎቻችን የምንሰጠው ፈጣን መልስ ኃይል ይጨመር የሚል ነው። ኃይል መጨመር ግን ሁለቱንም ሞገዶች እኩል ያሳድጋቸዋል፤ ሲጠፋፉም እኩል ይጠፋፋሉ። ከዚያ በፊት ፍሪኩዌንሲውን መለወጥ፣ በየሰዓቱ የሆነውን መመዝገብ፣ መዝገቡንም ሳይጥሉ ለተከታዩ ተረኛ ማስተላለፍ ዋጋው አነስተኛ ነው። አፕልተን የ1946ቱን ግኝት ያገኘው ብዙ የማይታወቁ ሠራተኞች በየጣቢያው ሌት ተቀን ከሞሉት መዝገብ ነው። የመግነጢሳዊው ወገብ ሰማይ ከራሳችን በላይ የተዘረጋ እንደ መሆኑ፣ ይህን ሰማይ መመዝገብ በቅድሚያ የሚመለከተው እኛን ነው፤ በመዝገቡም ግርጌ የመዝጋቢው ሁሉ ስም ይጻፍ።